የዘለልኩትን ገጽ ያነበበው ልጅ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ልጄ ንባብ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልሱ የሚደረደርበትን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቤት ሁሉ ሲተኛ፣ እኩለ ሌሊት አልፎ። አሁን 37 መልሶች አሉት። አንዳንዶቹ ወርቅ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ባይጻፉ ይሻል ነበር። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በራሴ አባባል ልተርክለት ነው። ማን ለማን እንደመለሰ እንዳይጠፋባችሁ ተራ ቁጥሩን አልተውኩትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ክፍል። አንዴ የሰማውን ተረት ከነድምፅ ለውጡ ይደግመዋል። ክርክር ከገጠመ አይቻልም። ማታ ማታ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ያነብልኝ ነበር። ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ፣ አራት ነጥብ ጋ ሲደርስ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ደስ በሚል ዜማ። አንድ ማታ ሁለት ቅጠል ተጣብቆብኝ ሳላውቅ አንድ ላይ ገለጥኩ። እሱ ግን ቀጠለ። ፊቱ የሌለውን ገጽ ቃል በቃል አነበበልኝ።

በማግስቱ ከዚያው መጽሐፍ ሦስት ቃላት መርጬ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። አንዱን በመጀመሪያው ፊደል ገመተ። ተሳስቷል። ሁለቱን ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ ሆዴን አመመኝ አለ።

ዓይኑን አስመረመርኩት፣ ጤነኛ ነው ተባልኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቁት አሉኝ። ዘመድ ደግሞ ስንፍና ነው ይላል። ጥያቄዬ ይኸው ነበር፦ ሰነፍ ነው ወይስ ታሟል? ልጠብቅ ወይስ ላስጨንቀው? መጨረሻ ላይ አሁን የምጸጸትበትን አንድ ነገር ጣል አደረግኩ። እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ማንም አላባበለኝም፣ በግድ ነው የተማርኩት ብያለሁ።

1። የመጀመሪያዋ መላሽ እናት ናት። ወንድሜ ብላ ጀመረች። የእሷም ልጅ ለረጅም ጊዜ አላነብ ብሎ፣ አንድ የዕረፍት ወቅት ላይ ብድግ ብሎ ማንበብ እንደጀመረ ጻፈች። ጸሎትና ትዕግሥት መከረችኝ። በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው የወደደው መልስ ይኼ ነው። እኔም ቅልል ብሎኝ ስልኬን ላስቀምጥ ነበር።

2 እና 3። እውነቷን ነው የሚሉ። አንዱ የአጎቱን ልጅ ታሪክ ጨምሯል። ዛሬ መሐንዲስ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ውስጥ ሁልጊዜ መሐንዲስ የሆነ የአጎት ልጅ አይጠፋም።

4። እዚህ ላይ ነገሩ ተቀየረ። የጻፈችው ታችኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ናት። አንደኛዋን እህቴ ብላ አክብራ ከጠራቻት በኋላ የተናገረችው ግን ተቃራኒውን ነው። አንዳንድ ልጅ እውነትም በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ችግሩ የትኛው እንደሚደርስ ቆሞ በማየት አለመታወቁ ነው። አሜሪካ ውስጥ 54 ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የተከታተለ በ1988 የወጣ ጥናት ጠቀሰች። አንደኛ ክፍልን ሲጨርስ ንባቡ ደካማ የነበረ ልጅ አራተኛ ክፍልም ላይ ደካማ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 88 በመቶ ነበር። ስለዚህ መጠበቅ ገለልተኛ መሆን አይደለም፣ ራሱ ውሳኔ ነው አለች።

ከዚያ አራት ጥያቄ ደረደረችልኝ። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነበር ወይ? ቤት የሚመቱ ቃላትን ይለያል ወይ? ቃልን በድምፅ መሰንጠቅ ይችላል ወይ? አራተኛው፦ ከቤተሰብ እንደሱ የነበረ ሰው አለ ወይ? ሦስተኛውን እንዴት እንደምሞክር አሳየችኝ። ወረቀት አያስፈልግም፣ በአፍ ብቻ ነው። ሰማይ ከሚለው ቃል ላይ «ሰ»ን ብናነሳ ምን ይቀራል ብዬ እንድጠይቀው ነገረችኝ።

5። የእኔ መልስ ነው። ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ደመና አለኝ።

ይህን ስጽፍ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መምህርቷ ግን ቀልድ አልመሰላትም። ከሥር በጨመረችው አጭር ማስታወሻ ልጁ ጥያቄውን በሚገባ እንደተረዳ ነገረችኝ። ከሰማይ ላይ አንድ ነገር ስናነሳ ምን እንደሚተርፍ ነው ያሰበው። እሱ የሚሰማው የቃሉ ትርጉም ነው፣ ድምፁን ነጥሎ መያዝ ነው ያቃተው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ብዙውን ጊዜ ሥሩ እዚያ ነው አለች። ጆሮው ይሰማል፣ አእምሮው ያስባል። ቃልን ወደ ትናንሽ ድምፆች መበተንና እነዚያን ድምፆች ከፊደል ጋር ማጋባት ግን ይከብደዋል።

6። አንድ ግዕዝ የተማረ ሰው ገባ። ከሰማይ ላይ «ሰ» ሲነሳ «ማይ» ይቀራል፣ ማይ ደግሞ በግዕዝ ውኃ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ደመና ማለቱ ከሊቃውንት ያስቆጥረዋል አለ። 7ኛው መልስ የሳቅ ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ደመና የክሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

8። ይኼኛው መልስ ዛሬ ቦታው ላይ የለም፣ ተሰርዟል። ያኔ ግን ነበር። ጸሐፊው የእኔን የመክፈቻ ጽሑፍ አርሞ አምጥቶት ነበር። ሁለት ቦታ ፊደል ገድፌያለሁ፣ አንድ ቦታ አቀያይሬያለሁ። አባትየው መጀመሪያ ራሱ ፊደል ይቁጠር የሚል መንፈስ ነበረው። አልመለስኩለትም።

9። ባለ ቀለም መነጽር። ይህ ሰው ችግሩ ከዓይን ነው፣ ፊደሎቹ እየዘለሉ ነው፣ ቀለም ያለው ሌንስ ሲደረግ ይረጋጋሉ አለ። የእሱን ልጅ በሁለት ሳምንት ቀይሮታል። የዓይን ስፖርትም አለ፣ ዝርዝሩን በውስጥ መስመር እልካለሁ አለ። በውስጥ መስመር የሚል ቃል ሳይ ትንሽ ደነገጥኩ።

10። የዓይን ሐኪም ነኝ ያለ ሰው በጣም በጨዋነት መለሰ። የልጁን ዓይን ማስመርመሬ ተገቢ ነበር፣ ጆሮውንም ላስመርምር ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑን ልተወው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ባለ ቀለም ሌንስም ሆነ የዓይን ልምምድ ለንባብ ችግር እንደሚረዳ ማስረጃ የለም ብለዋል። ዘጠነኛውን እርስዎ እያለ ነው ያረመው።

ቀጥሎ ያመጣው ታሪክ በጣም ነው የወደድኩት። ነገሩን ዓይን ላይ መለጠፍ የተጀመረው በሐኪሞች ነው። ጀርመናዊው ኩስማውል በ1877 የቃል ዕውርነት አለው። ዲስሌክሲያ የሚለውን ስም በ1887 ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን ራሱ የዓይን ሐኪም ነበር። እነሱ ያዩዋቸው ግን አዋቂዎችን ነው። በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ብሩህ ነው፣ በሒሳብ አይታማም፣ ለዓመታት ሲያስተምሩት ኖረዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም። የገዛ ስሙን ሲጽፍ ሁለት ፊደል አቀያይሮ ጽፎ ስህተቱ አልታየውም። ያስተማረው ሰው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ ነበር ብሎለታል።

ፊደል አቀያይሮ የሚለው ጋ ስደርስ ወደ ስምንተኛው መልስ ተመልሼ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ ለራሴም አልተናገርኩም።

11 እና 12። የመነጽሩ ሰው ተቆጣ። ሐኪሞች ሁሉ አንድ ናቸው፣ ርካሽ መፍትሔ ስለማይፈልጉ ነው አለ። 12ኛው መላሽ አንቱታውን ጣለና በአንተ ጀመረ። ሻጭ መሆንህን ለምን አልተናገርክም ብሎ ቆረጠው። እርስዎ ወደ አንተ ሲወርድ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

13። የክሩ ትልቁ ጠብ ከዚህ ተነሳ። አንድ ሰው ዲስሌክሲያ የእንግሊዝኛ በሽታ ነው ብሎ ደመደመ። እንግሊዝኛ የሚጻፈውና የሚነበበው ስለማይገናኝ ልጆች ይደናገራሉ። ፊደላችን እንደተጻፈ ስለሚነበብ እኛን አይመለከተንም፣ የፈረንጅ ነገር ነው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

14። የቋንቋ ጥናት ተማሪ የሆነች ልጅ በትሕትና ጀምራ በማስረጃ ጨረሰች። ጣሊያንኛ ከእኛ ፊደል ባላነሰ እንደተጻፈ ይነበባል። በ2001 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የንባብ ችግር ያለባቸውን ጣሊያኖች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች አወዳደረ። ጣሊያኖቹ ከሌሎቹ በተሻለ አንብበዋል። የድምፅ ፈተናው ላይ ግን ሁሉም እኩል ተቸግረዋል። አንጎላቸው ሲታይም ሲያነቡ የሚደክመው ያው የግራ ክፍል ነው። የአጻጻፉ ቅለት ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ቀላል በሆነ አጻጻፍ ልጁ ብዙም ላይሳሳት ይችላል፣ ግን ቀስ ይላል። ቀስ ማለቱን ደግሞ እንደ ስንፍና ነው የምናየው።

15። አራተኛዋ መምህርት ተመለሰች። ፊደላችን ቀላል ነው የሚለው ላይ እሷም የምትለው አላት። የእንግሊዝኛ ልጅ የሚጀምረው በ26 ነው። የእኛ ልጅ 33 በ7፣ 231 ቅርጽ ይጠብቀዋል። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ በአንድ ጭረት ነው የሚለያዩት። ካዕብ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርጋል ብለን ካስተማርነው በኋላ ረ እና ፈ ደንቡን ያፈርሱበታል። ሳድሱ ደግሞ አንዴ አናባቢ አለው፣ አንዴ የለውም። ልብስ ሲል ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ የሚነበቡት ግን እኩል አይደለም። የሚጠብቀውና የሚላላው ምልክት የለውም። ይበላል የሚለው ሰውዬው ሊበላ ነው ወይስ ሊበሉት ነው? ጎበዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይይዘዋል። ቃሉን ለመፍታት ሙሉ ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ ዐረፍተ ነገሩን በምን ይይዘዋል?

አንድ ነገር ደግሞ አከለች። የፊደል ገበታን በዜማ ሀ ሁ ሂ ብሎ የሚወጣ ልጅ ፊደል ለየ ማለት አይደለም። መሐል ላይ ጣት አድርጎ ሚ የቷ ናት ሲሉት ከመ ጀምሮ እየቆጠረ የሚመጣ ከሆነ የያዘው ዜማውን ነው። ወዲያው ተነሥቼ ልጄን ሞከርኩት። ከመ ጀመረ።

16። አንድ አራሚ መጣ። 231 አይደለም፣ ቨ አለ፣ ቋ እና ጓን የመሰሉ ዲቃሎችም አሉ አለ። እውነቱን ነው። ግን በሩን ከፈተው።

ከ17 እስከ 21 ያሉት አምስት መልሶች ስለ ልጄ አይደሉም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚል ክርክር ነው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸም ተከትለው መጡ። አንዱ ለሕፃናት ሲባል አንድ ሀ ይበቃል አለ። ሌላው ትርጉም ይጠፋል፣ ታሪክ ይጠፋል ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። ግዕዝ አዋቂው ስድስተኛ ተመልሶ ረጅም ትንታኔ ጻፈ፣ ያኔ ሳላነበው አለፍኩት። አበሳጩኝ። ልጄ ከ«ሰማይ» ላይ «ሰ» ማንሳት አቅቶት እነሱ የትኛው ሰ እንደሆነ ይጣላሉ። 22ኛው መላሽ ጥያቄው ስለ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ነበር ብላ መለሰችን። አመሰግናታለሁ።

23። አጭር ናት ግን ከባድ ናት። አንዲት እናት ልጇ አራተኛ ክፍል እስክትደርስ ማንም እንዳላወቀባት ጻፈች። ጸጥ ያለች ልጅ ናት። አትረብሽም፣ ደብተሯ ያማረ ነው፣ ከጎረቤቷ ገልብጣ ነው። የክሩ መምህርት እግረ መንገዷን አንድ ጥናት ጠቀሰችላት። በ1990 የታተመ የኮነቲከት ጥናት ነው። ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለይተው ያወጧቸው ልጆች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ሁሉንም ልጅ ሲፈትኑ ግን የወንዱና የሴቷ ቁጥር ተቀራራቢ ሆነ። የሚረብሸው ነው የሚታየው።

24። ይኼን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወጣት ነው፣ ችግሩ ያለበት ራሱ ነው። ክፍል ውስጥ በተራ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሲጀመር ምን ያደርግ እንደነበር ጻፈ። ከፊቱ ስንት ልጅ እንዳለ ይቆጥራል። ስንተኛው አንቀጽ እንደሚደርሰው ያሰላል። ያንን አንቀጽ በሹክሹክታ ደጋግሞ ሊይዘው ይሞክራል። በዚህ መሐል ሌሎቹ ያነበቡትን አንድም አልሰማም። አንዳንዴ አንድ ልጅ ይቀርና ስሌቱ ይፈርሳል። ያኔ ሽንት ቤት ልሂድ ይላል። መምህሩ ዘወትር ሽንቱ የሚመጣው ንባብ ላይ ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀበት። የሆድ ሕመሙ ውሸት እንዳልነበረም ነገረን። እውነት ያምማል። ጠዋት ይጀምርና ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይተዋል።

ለእኔ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንግዳ ፊት፣ እህት ወንድም ፊት አታስነብበው። ገጹን በቃል መያዙን ደግሞ እንደ ማታለል አትቁጠርበት፣ ያንን ለመያዝ የፈጀበት ድካም ከማንበብ ይበልጣል።

25። በእኛ ጊዜ አለንጋ ነበር፣ ዲስሌክሲያ የሚባል አልነበረም የሚል። እንደዚህ ዓይነቱ ሰው አይጠፋም። 26ኛው የወጣቱ መልስ ነው፣ አንድ መስመር። አለንጋውም ነበር፣ አሁንም ቀስ ብዬ ነው የማነበው አለ። 27ኛው ለ25ኛው ስድብ ጻፈ። ስድቡ ተገቢ አልነበረም፣ ግን አልከፋኝም።

28። በመጨረሻ ምን ይደረግ የሚለው መጣ። የጻፈችው የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ ናት። እንክብል የለውም ብላ ጀመረች። መድኃኒቱ ማስተማር ነው፣ ግን እንደተለመደው ማስተማር አይደለም። ድምፅና ፊደሉ በግልጽ፣ በቅደም ተከተል፣ ከቀላል ወደ ከባድ ይሰጣል። ልጁ በራሱ ይደርስበታል ተብሎ የሚተው ነገር የለም። ጥቂት ፊደል ብቻ ይዞ በእነሱ ብቻ የተሠሩ ቃላት ያነባል። ልብ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ለውጠን ክብ እናደርጋለን። ያነበበውን ይጽፋል፣ የጻፈውን ያነባል። አጭር ጽሑፍ አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ይደግማል፣ ፍጥነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሥዕሉን አይተህ ገምት የሚባለው ምክር ለዚህ ልጅ መርዝ ነው፣ መገመትማ ያውቅበታል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከማሰቃየት በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል።

የሚጠበቀውን ውጤት አላጋነነችም። በ2001 የታተመ ጥናት ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆናቸውን 60 ልጆች ወሰደ። በጣም የከበዳቸውን። በቀን ሁለት ጊዜ 50 ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል፣ አንድ መምህር ለአንድ ልጅ። በድምሩ 67.5 ሰዓት። ቃላትን በትክክል ማንበቡ በጣም ተሻሻለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም። ፍጥነታቸው ግን ከእኩዮቻቸው እንደዘገየ ቀረ። ስለዚህ ቶሎ መጀመሩ፣ ፈተና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሰዓት መስጠቱ ያስፈልጋል። ቸርነት አይደለም አለች፣ መነጽር ለሚያደርግ ልጅ መነጽር እንደመፍቀድ ነው።

ሌላው ያሳሰበችው፣ ልጁ ማንበብ እስኪችል እኔ ማንበቤን እንዳላቆም ነው። በ1986 ጎፍ እና ታንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ንባብን በማባዛት ነው የገለጹት። ፊደልን መፍታት ሲባዛ ቋንቋን መረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። የልጄ ሁለተኛው ቁጥር ትልቅ ነው፣ የመጀመሪያው ነው የጎደለው። አንደኛውን ስናስተካክል ሁለተኛው እንዳይራብ ጥሩ ጥሩ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ይነበብለት።

29 እና 30። አንዱ ለልጁ የትኩረት መድኃኒት እንደታዘዘለት ጽፎ ለንባብም ይሠራል ወይ አለ። ባለሙያዋ መለሰች። የትኩረት ችግርና የንባብ ችግር ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፣ ግን ሁለት ናቸው። መድኃኒቱ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፊደል ግን አያስተምረውም።

31። ለዲስሌክሲያ የተሠራ የፊደል ቅርጽ አለ፣ እሱን አውርዱ የሚል። የቋንቋ ተማሪዋ መልሱ ሥር ገብታ አስተካከለችው። ልዩ ቅርጾቹ ያን ያህል አልረዱም። በ2012 በጣሊያንና በፈረንሳይ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ግን በፊደሎች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ሲኖር የተሻለ እንዳነበቡ አሳይቷል። ይኼን እኔ ሞከርኩት። ወጪ የለውም፣ አራርቆ መጻፍ ነው።

32። ስለታም መልስ ነው። አንድ ሰው ልጁ መጀመሪያ የአእምሮ ፈተና ይፈተን፣ ብልህ ካልሆነ ዲስሌክሲያ አይባልም አለ። መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። ያ ሐሳብ ስንት ልጅ እንዳስቀረ ታውቃለህ ወይ አለችው። አንቱ የለም። በብልህነትና በንባብ መካከል ያለው ክፍተት እስኪሰፋ መጠበቅ ማለት ልጁ እስኪወድቅ መጠበቅ ነው። ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ያንን መስፈርት ትቶታል። አሁን የሚታየው፣ ተገቢ እርዳታ ተሰጥቶት ቢያንስ ስድስት ወር ችግሩ መቆየት አለመቆየቱ ነው።

33። ራሷ መምህርቷ፣ አሁን ተረጋግታ። ለእኔ ነው የጻፈችው። ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስቱን መልሻለሁ፣ አራተኛውን አልመለስኩም። አንድ ወላጅ ካለበት ልጁ ላይ የመታየቱ ዕድል ግማሽ ገደማ ስለሆነ ነው የምጠይቀው አለች። እርስዎ ነው ያለችኝ።

34። ሁለት ቀን ቆይቼ መለስኩ። የመክፈቻውን ጽሑፍ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። ሚስቴ ተኝታ ስለነበር አላረመችልኝም፣ ሌላ ጊዜ የምታርመው እሷ ናት። ሥራ ቦታ ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር የለኝም። ስብሰባ ላይ አንብብልን ሲባል ጉሮሮዬን ያመኛል። ልጄ ሆዱን እንደሚያመው።

ስምንተኛው መልስ የተሰረዘው በዚያው ቀን ነው። 35ኛው መልስ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ይቅርታ የሚል አንድ ቃል ነው። የማን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

36። የመጀመሪያዋ እናት ተመለሰች። ያቺ ታገሥ ያለችኝ። ሁለተኛ ልጅ አላት። ሰማይ ላይ «ሰ»ን ስታነሳ ምን ይቀራል ብላ ጠይቃዋለች። መልሱን አልጻፈችም። ባለሙያዋን በውስጥ መስመር ላገኝሽ እችላለሁ ወይ ብላ ነው የጠየቀችው።

37። ይኼኛው የእኔ ነው፣ ከአራት ወር በኋላ። በየማታው ሩብ ሰዓት እንቀመጣለን። አንዳንድ ማታ ያለቅሳል፣ አንዳንድ ማታ እኔ እቆጣለሁ፣ ሚስቴ ትቀይረኛለች። ፊደሉን መሐል ገብተን ስንጠይቀው አሁን ከመጀመሪያ አይቆጥርም፣ አብዛኛውን። አራት መስመር ለማንበብ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ግን ፊቱ ያለውን ነው የሚያነበው።

ባለፈው ሳምንት ቃል እያልኩለት ሲጽፍ ኃይል የሚለው ጋ ቆመ። የትኛው ሀ ነው አለኝ። አላውቅም ነበር። ስልኬን አወጣሁና እነዚያን የረገምኳቸውን ከ17 እስከ 21 ያሉ መልሶች ከፈትኩ። የግዕዙ ሰው ረጅም ትንታኔ እዚያው ነበር። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።